አሞራዎቹ የሚነሡበት ሰዓት

ጋሼ እንዳላማው ደብረ ማርቆስ፣ አውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ አጠገብ፣ ዝናብና ሙቀት እየለኩ የሚመዘግቡ የአየር ጠባይ ሠራተኛ ናቸው። የመሥሪያ ቤቱን መዝገብ ሞልተው ሲጨርሱ ግን የራሳቸውን ደብተር ያወጣሉ። ከቄራው ጀርባ ባሕር ዛፍ ላይ ካደሩት አሞራዎች የመጀመሪያው ክንፉን ሳያራግብ ሽቅብ የተንሳፈፈው በስንት ሰዓት ነው? እሱን ይጽፋሉ። ስድስት ዓመት ሙሉ!

«ለምን?» ስላቸው ዓይናቸው በራ።

«መሬት ሲግል ትኩስ አየር እንደ ምሰሶ ይነሣል። አሞራ ይሳፈርበታል፤ አውሮፕላን ግን ሲያቋርጠው ይናጣል። ታዲያ አሞራው ቀድሞኝ ካወቀ ብጠይቀው ምን አለበት?»

ይህን ከሰማሁ ወዲህ ሰማይ ሰማይ እያየሁ ሁለቴ ቦይ ገብቻለሁ።

ሚያዝያ 1991 ዓ.ም. ቆርቆሮ መቺው ቢያዝን ደብረ ኤልያስ ላይ ከጣሪያ ወድቆ ጀርባው ተጎዳ። በቃሬዛ ደብረ ማርቆስ ስናደርሰው ሐኪሙ «ወደ ዋና ከተማው ሆስፒታል መሄድ አለበት። በመኪና አይሆንም፤ መንገዱ ይጨርሰዋል። በአውሮፕላን፣ ያውም ሳይናጥ» አለ። ቃሬዛውን ከተሸከምነው አንዱ እኔ ነበርሁ። ማለዳ አንድ ሰዓት ተኩል የተቀጠረችው ትንሽ አውሮፕላን ሦስት ሰዓት ላይ አረፈች።

«አሁንማ ፀሐዩ ወጣ፤ ይንጠናል። አመሻሹን ይሻላል» አለ አብራሪው።

ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ። «እግሩ መደንዘዝ ጀምሯል። እስከዚያ አይቆይም።»

ጋሼ ደብተራቸውን ገለጡ። «ዝናብ ሲያድር መሬቱ ቶሎ አይግልም፤ አሞራዎቹ ከአራት ሰዓት በፊት ተነሥተው አያውቁም። ሌሊቱን ዘንቧል። ይኸው፣ እንደተቀመጡ ናቸው።»

«እዚህስ ይሁን። የምናቋርጠው ዓባይ በረሃስ?» አለ አብራሪው።

ጋሼ ዓባይ አፋፍ ላይ ወዳለችው ደጀን ስልክ ደወሉ። እዚያም ዘንቦ አድሯል፤ ጭቃ ነው።

«ኧረ ጋሼ!» አለች የቢያዝን ሚስት ጥላነሽ። «ባሌን ለአሞራ አደራ ሊሰጡብኝ ነው?»

«አንቺ ደግሞ! አሞራው ቁጭ ብሎ ሳለ ምን ያስፈራሻል?»

አብራሪው ሳቁ አመለጠውና «በሉ ጫኑት» አለን። ለጥላነሽ ቦታ አልተገኘም፤ ሐኪሙና ቢያዝን ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ ተነሡ።

ከዚያ ጋሼ መቆምም መቀመጥም አቃታቸው። ቴርሞሜትሩን ሦስቴ አነበቡት።

«እርግጠኛ ነዎት?» አልኋቸው።

«ዓባይ ላይ አሞራ ቆጥሬ አላውቅም» አሉኝ ቀስ ብለው።

አምስት ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። አብራሪው ነው።

«አንዴ ብቻ፣ ዓባይን ጨርሰን ስንወጣ ነካ አደረገን። ደርሰናል። ሐኪሙ የእግርህን ጣት አንቀሳቅስ ቢለው አንቀሳቀሰ።»

ጥላነሽ ስልኩን ከጋሼ እጅ ነጠቀች። «የየትኛውን እግሩን?»

«የሁለቱንም።»