አልወደቅሁም

ቬርላ ቲያደን ባዶ እጇን ሰው ቤት ገብታ አታውቅም። ስለዚህ የሴናተሩን የምርጫ ቢሮ አልለቅም ልትል የሄደች ዕለትም የአጃና የቸኮሌት ኬክ ጋግራ፣ ትሪውን በፎጣ ሸፍና ነው የሄደችው። ለአመፅ ኬክ ይዞ መሄድ የአዮዋ ሰው ብቻ የሚሠራው ሞኝነት ነው።

ስድሳ ዓመት አልፏታል። ዕድሜዋን የፈጀችው የተማሪ ምሳ ስትሠራ ነው፤ ቀብር ሲኖር ደግሞ ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ውስጥ ከጓደኛዋ ከማርዴል ጋር ለሐዘንተኛው ሳንድዊች የምታሰናዳው እሷ ናት። ባሏ ሞቷል። ያላት አንድ ልጅ ነው፤ ኮሪ። ሁለት ጊዜ ኢራቅ ዘምቶ ተመልሷል፤ ለገና ሰሞን ደግሞ ለሦስተኛ ጊዜ ሊልኩት ነው። ከሁለተኛው ሲመለስ እንቅልፍ አልወስደው ብሎ፣ ጓሮ በቆመው መኪና ውስጥ ብቻውን መዋል አመጣ። እናቱ በመስኮት ታየዋለች።

ሴናተሩ ለፕሬዝዳንትነት ይወዳደራል። በየመንደሩ እየዞረ ጦርነቱ ስህተት ነው ይላል፤ ዋሽንግተን ሲመለስ ደግሞ ለጦርነቱ በጀት እጁን ያወጣል። የአገሩ የዕጩዎች ምርጫ የሚጀመረው አዮዋ ስለሆነ፣ እዚህ ዕጩ ሩቅ ሰው አይደለም። በብርዱ ወራት ሰው ሳሎን ገብቶ፣ የፖም ፓይ በልቶ፣ የሕፃን ጉንጭ ነክቶ ነው የሚሄደው። ቬርላም ማርዴል ቤት አግኝታው "ለበጀቱ እንቢ ይበሉ" ብላው ነበር። እጇን በሁለት እጁ ይዞ "ስሜትዎ ይገባኛል" አላት። እሷ የፈለገችው ስሜቷ እንዲገባው አልነበረም። ልጇ እንዲቀርላት ነው።

ቢሮው ድሮ ጫማ ቤት ነበር። ማርዴል በነፃ ስልክ ታነሣለች።

"መጣሽልን" አለች ትሪውን ስታይ። "እኔማ ተቀይመሻል ብዬ ነበር።"

"ተቀይሜያለሁ። ኬኩን ብሉ።"

ወጣቶቹ ሠራተኞች ኬኩ ላይ ተረባረቡ። ቬርላ የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዛ፣ ጉልበቷ እየተንቋቋ፣ መሐል ወለሉ ላይ ዘጭ አለች።

ሁሉም የወደቀች መሰላቸው። አንዱ ወንበር ይዞ መጣ፣ አንዱ ውሃ ፍለጋ ሮጠ። ማርዴል ብብቷን ይዛ ልታነሣት ታገለች።

"ተዪኝ፣ ማርዴል። አልወደቅሁም። ሰውዬው ለበጀቱ እንቢ እላለሁ እስኪል ከዚህ አልነሣም።"

"ምን ነካሽ ደግሞ? ተነሺ፣ ሰው ያያል።"

"እንዲያይ ነው።"

"የሚሻለውን ሰው እኮ ነው የምታዋርጂው። ሌሎቹ ጭራሽ ጦርነት የሚወዱ ናቸው።"

"ለዚህ ነው እዚህ የተቀመጥኩት። እነሱንማ ምን ብዬ እለምናቸዋለሁ?"

የቢሮው ኃላፊ፣ ከቦስተን የመጣ ለጋ ልጅ፣ ለአለቆቹ ደወለ። ፖሊስ ጥራ አሉት። አቤቱታው ላይ የሚፈርም የአገር ሰው ይሁን ስለተባለ ማርዴል ፈረመች።

ፖሊሱ ሼን የቬርላን ምሳ በልቶ ያደገ ልጅ ነው።

"ሚስስ ቲያደን፣ ራስዎ ይነሣሉ ወይስ ልሸከምዎት?"

"ተሸከመኝ። ድንቹን ሳልሰስት ያበላሁህ ለዚህ ነው።"

ተሸክሞ አወጣት። ዳኛው ለጊዜው ለቀቃትና፣ ብትደግሚው ግን ወህኒ ትከርሚያለሽ ብሎ አስጠነቀቃት። በማግስቱ ኮሪ ፎቶዋ የወጣበትን ጋዜጣ ይዞ ወጥ ቤት በር ላይ ቆመ።

"የጦር ክፍሌ ልጆች አይተውታል። 'እናትህ ናት?' ሲሉኝ ምን እንደምል ጠፋኝ።"

"ላንተ ብዬ ነው።"

"አውቃለሁ። ግን የምሄደው ከነሱ ጋር ነው፣ እማዬ። ብሞትም ከነሱ ጋር ነው። ስሸኝ እንኳ እንደ ሰው እናት ሁኚልኝ።"

ጋዜጣውን ከእጁ ወስዳ አጠፈችና መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

ሽኝቱ ትምህርት ቤቱ የስፖርት አዳራሽ ውስጥ ነበር። የተማሪዎቹ ባንድ ይነፋል። ሴናተሩም መጥቷል፤ መቼስ ካሜራ ባለበት አይጠፋም። ወታደሮቹን በየተራ እየጨበጠ ኮሪ ጋ ደረሰና እጁን ዘረጋ። ቬርላ እንደ ሰው እናት ልትሆን ከልቧ አስባ ነበር። እጁን ስታይ ግን አልቻለችም። ገፍታ ገባችና በሁለቱ መሐል ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

ባንዱ ዝም አለ። ሼን ከበሩ ተንቀሳቀሰ። ኮሪ ሻንጣውን አስቀምጦ ጎንበስ አለና እናቱን ብብቷን ይዞ አነሣት።

"ወድቃ ነው" አለ፣ ለሼንም፣ ለሴናተሩም፣ ለጓደኞቹም። "ጉልበቷን ያማታል። ወድቃ ነው።" ከዚያ ወደ እሷ ዞረ። "አይደል፣ እማዬ?"

አልወደቅሁም የሚለው አፏ ላይ ደርሶ ነበር። የልጇ እጅ ግን ብብቷን ጨምድዶ ይዟል። ዋጠችው።

"አዎ" አለች። "ወድቄ ነው።"

"አይዞዎት፣ ጉልበትዎን ይጠብቁ" አለ ሴናተሩ ትከሻዋን ደገፍ አድርጎ፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ ወታደር አለፈ። ኮሪ አቀፋትና አውቶቡሱ ውስጥ ገባ። በማግስቱ ጋዜጣው ላይ የወጣው ፎቶ የወደቀች እናት የሚደግፍ ዕጩ ነበር። ጥሩ ፎቶ ነው፤ በየቤቱ የታደለው የምርጫ ወረቀት ላይም አተሙት።

ኮሪ በነሐሴ ሞተ። መንገድ ዳር የተቀበረ ፈንጂ ነው ብለው ነገሯት። የቀብሩን ሳንድዊች ማርዴል ብቻዋን አሰናዳች፤ ቬርላ አንድ ጉራሽ አልቀመሰችም።

ከአራት ዓመት በኋላ ሌሎች ዕጩዎች መጡ፤ የኢራቁ ቢያበቃም ጦርነቱ በሌላ አገር እንደቀጠለ ነበር። ቬርላ ትሪዋን በፎጣ ሸፍና ወደየቢሯቸው ትሄዳለች። ማርዴል በመኪና ታደርሳትና ሞተሩን ሳታጠፋ ደጅ ትጠብቃታለች፤ ስለዚያች ፊርማ ተነጋግረው አያውቁም። ቢሮው ውስጥ ያሉት ልጆች አያውቋትም። ወለሉ ላይ ስትቀመጥ ደንግጠው ሊያነሷት ይሮጣሉ። እሷ ስለ ጦርነቱም ስለ በጀቱም ከማውራቷ በፊት "አልወደቅሁም" ትላለች። ተሸክሞ ለሚያወጣት ፖሊስ ትለዋለች። ዳኛው ፊት ስሟን ሲጠይቋት እንኳ መጀመሪያ እሱን ነው የምትለው።