ባሌ የሚቀናበት ፕሪንተር

ባሌ ቀናተኛ ነው። ይህን የነገርኩት ሰው ሁሉ ስልኬን እየበረበረ የሚያሰቃየኝ መስሎት «አይዞሽ» ይለኛል። ኧረ ተዉ እቴ፣ ባሌ የሚቀናው በፕሪንተር ነው።

የምንሠራው አንድ ሕንፃ ውስጥ ነው። እኔ መግቢያው አጠገብ የስልክ ኦፕሬተር ነኝ፤ እሱ ደግሞ ፎቁ ሁሉ በጋራ የሚያትምበትን ሰርቨር ይጠብቃል። እዚያ የሁሉም ሰው ጽሑፍ ተራውን ይዞ ይሰለፋል፤ የፊተኛው ከተጣበቀ የኋላው ሁሉ ቀጥ ይላል። ያን ጊዜ ስልኬ ይንጫጫል፤ «ሐኪሙን አገናኚኝ» ይሉኛል። ሐኪሙ ባሌ መሆኑ ነው። መድኃኒቱ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ ሰርቨሩን አቁሞ፣ ወረፋውን እንዳለ ጠርጎ፣ እንደገና ማስነሳት። ከዚያ በየፎቁ እየዞረ «በሉ እንደገና ላኩ» ይላል። እነሱም ይመርቁታል፣ ወንበር ይስቡለታል። ማታ ማን እንዳመሰገነው እየተረከልኝ ራቱን ይበላል፤ ያበሰልኩትን እኔን ግን አያመሰግንም።

በሱው ክፍል አዲሷ ባለሙያ ከተቀጠረች ወዲህ ይኼ ሁሉ ቀረ። ቀጭን፣ ዝምተኛ ልጅ ናት። ከወንበሯ ሳትነሳ የተጣበቀውን አንዱን ብቻ መዝዛ ታወጣለች፤ የሌላው ሰው ሥራ ሳይነካ ይቀጥላል። ወር ሳይሞላ «አዲሷን አገናኚኝ» ይሉኝ ጀመር። አንዳንዱማ «ባልሽን እንዳትልኪብን» ብሎ ይስቃል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ እሱ ያልሰማውን እኔ ሰማሁለት፣ አንጀቴም አረረ።

እሱማ ብሶበታል። በሻይ ሰዓት እየመጣ ማን ደወለ፣ ማንን ፈለገ፣ ምን አላት እያለ ያደርቀኛል። ዘዴውን እንድታሳይህ ጠይቃት ስለው ፊቱ ደም መሰለ።

ባለፈው ማክሰኞ ሥራ አስኪያጁ እንግዶች ጠርቶ ነበር። ለስብሰባው የሚታደለው ሪፖርት ወረፋ ውስጥ እያለ ፕሪንተሩ ቆመ። የሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ አዲሷን ፈለገች፤ መስመሯ ተይዟል። ባሌን አገናኘሁላት። እሱም ልጅቷ ሳትቀድመኝ ብሎ ተጣደፈና እንደ ልማዱ ሁሉንም ጠረገው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ለሱ ግን የሚለቀምም አልተረፈው። ሪፖርቱን ወረፋ ያስያዘው ሰው ከፍላሽ ልኮት፣ ፍላሹን ኪሱ ከቶ፣ ለመስክ ሥራ ወጥቷል። እንግዶቹ ባዶ ጠረጴዛ ከበው ቀሩ።

ሥራ አስኪያጁ ደረጃውን እየዘለለ ወረደና ባሌንና አዲሷን እኔው ጠረጴዛ አጠገብ አስጠራቸው። ይህን ያደረገው ማን ነው አለ። የጠረገው ማን እንደሆነ ሦስታችንም እናውቃለን። ባሌ አፉን እስኪከፍት አዲሷ ቀደመችው።

«የኔ ጥፋት ነው። መጀመሪያ የተጣበቀው እኔ የላክሁት ከባድ ፋይል ነው።»

የሰውየው ቁጣ በረደ። በዚህ ዘመን ጥፋቱን የሚያምን ሰው ብርቅ ነው ብሎ አመስግኗት ተመለሰ። ባሌን ዞር ብሎም አላየው።

ማታ ራቱን በማንኪያ እያገላበጠ ተቀመጠ፤ አንድም አልጎረሰ።

«ጥፋቴን እንኳ ቀማችኝ» አለ።

ያዳነችህ እኮ እሷ ናት ብዬ ብነግረውም አልሰማኝም። ዓይኑ ቀልቷል፣ የግንባሩ ሥር ተገትሯል። እውነቱን ልናገር፣ ቀናሁ። በትዳራችን ዘመን ሁሉ አንድ ቀን እንኳ በኔ እንዲህ ተንገብግቦ አያውቅም። በእህቴ ሠርግ የድሮ ወዳጄ እጄን ይዞ ሲያስጨፍረኝ፣ እሱ የድምፅ ማጉያውን ገመድ ሲቀጥል ነበር። እስኪ ዛሬ እንኳ ልሞክረው ብዬ፣ ደብቄ የያዝኩትን አወጣሁት።

«የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ጠዋት ጠዋት ይደውልልኛል» አልኩት። «ጉዳይ የለውም። ድምፅሽን ልስማ ብዬ ነው ይለኛል።»

ማንኪያውን አስቀመጠና ቀና ብሎ አየኝ። እንዲህ ትኩር ብሎ ካየኝ ስንት ጊዜው ነው!

«እሱ ፕሪንተሩ ሲቆምበት ማንን ነው የሚጠራው?» አለኝ።

«አዲሷን» አልኩት።

ራቱን ትቶ ተነሳ።