ጠበል የነካው በርበሬ

ፍኖተ ሰላም፤ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት

ከተማዋ ገና ዓይኗን እያሸች ነው። በዋናው መንገድ የፈረስ ጋሪዎች ከባጃጆቹ ቀድመው ተሰልፈዋል። የጥር ብርድ አጥንት ይሰብራል። ሆቴሉ በር ላይ ቆሜ ወደ ቡሬ የሚወስደኝን ፒክአፕ እጠብቃለሁ። ራሴ ላይ አዲስ ነጭ ኮፍያ አለ፤ «ፍትሐዊ ንግድ ለገበሬው» ይላል። ትናንት ቀኑን ሙሉ ስለ ገበሬው ስንሠለጥን ውለን የተሰጠን ነው።

ሥልጠናውን ላውጋችሁ። አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ባለሙያው፣ የባለሙያው አለቃ፣ የአለቃው ሹፌር፣ እንደ እኔ ያለ ጋዜጠኛ፣ ሁሉም ተገኝቷል። ገበሬ ሁለት ብቻ ነበር፤ እሱም የኋላ ወንበር ላይ። ከሁለቱ አንዷ ወይዘሮ የሺወርቅ ናቸው፤ ከቡሬ ወጣ ብላ በምትገኝ መንደር የበርበሬ አምራቾች ማኅበር ሊቀመንበር። ጉልበታቸው ላይ ትንሽ ከረጢት አስቀምጠው ነበር። ሁለት ጊዜ እጃቸውን አወጡ፤ ሁለቱንም ጊዜ ሰብሳቢው «ጥያቄ በመጨረሻ» አላቸው። መጨረሻው ሲደርስ ሁሉም አበል ለመፈረም ተነሣ።

ስንወጣ በር ላይ አገኘኋቸውና ከረጢቱን አስከፈትኩ። የቡሬ በርበሬ ነው፤ ቀይ፣ ረጅም፣ ሲነኩት ኮሽ የሚል። እንዲሸጡልኝ ጠየቅሁ። ትንሽ አመነቱና ዋጋ ጠሩ። አዲስ አበባ ያደገ ሰው በተጠራለት ዋጋ ከገዛ ጎረቤት ይስቅበታል። ስለዚህ ሁለት ጊዜ ትቼ ሄድኩ፣ ሁለት ጊዜ ተመለስኩ፣ ከኪሎው ላይ ሃያ ብር አስወረድኩ። በራሴ ኮራሁ። ኮፍያው ያኔም ራሴ ላይ ነበር።

ወደ ቡሬ፤ አንድ ሰዓት ተኩል

ፒክአፑ መጣ። ከፊት የተቀመጠው ወጣት ባለሙያ በርበሬ በቀጥታ ከገበሬ የሚገዛ ድርጅት ሠራተኛ ነው። የእርጥበት መለኪያ መሣሪያውን እንደ አራስ ልጅ ታቅፎታል። ከኋላ የትናንቱ ትልቅ ባነር ተጠቅልሎ ተጭኗል።

«ውሉ ግልጽ ነው» አለኝ ባለሙያው። «ዋጋው ቀድሞ ተቆርጧል፤ ገበያው ቢወርድ እንኳ እኛ አንወርድም። በዚያ ላይ ለመንደሩ ጭማሪ አለ፤ ምን እንደሚሠሩበት ራሳቸው መክረው ይወስናሉ። እኛ የምንለው አንድ ነገር ነው፤ ደረቅ በርበሬ።»

ሹፌሩ በመስተዋቱ አየኝ። «ወደዚህ አገር ስመላለስ ሦስተኛዬ ነው» አለ። «ስሄድ ባዶ፣ ስመለስም ባዶ። ሁሌ እርጥብ ነው ይባላል። እኔማ ነፋስ እያመላለስኩ ደመወዝ እበላለሁ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚህ አገር በርበሬ ለገበያ ሲወጣ ማምሻውን ውኃ ይርከፈከፍበታል። እንዳይሰባበር ነው ይላሉ፤ ሚዛን ላይ ከበድ እንደሚልም የሚክድ የለም። ነጋዴው ይህን ስለሚያውቅ ሚዛኑን ቀድሞ ያበጀዋል። ገበሬው በውኃው፣ ነጋዴው በሚዛኑ፣ ተከባብረው ይኖራሉ። ሻጋታውን እኛ በዶሮ ወጥ እንበላለን።

ቡሬ ላይ ቁርስ በላን። ባለሙያው ሁለት ጊዜ አዘዘ፤ ስለ ገበሬው ማሰብ ሆድ ያስርባል። ከዚያ አስፋልቱን ትተን አቧራው ውስጥ ገባን። ግራና ቀኝ የታጨደ በቆሎ አገዳ፣ ክምር፣ አልፎ አልፎ ባሕር ዛፍ።

መንደሩ፤ አራት ሰዓት ተኩል

ጆንያዎቹ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር፣ ዛፍ ጥላ ውስጥ ተሰልፈዋል፤ አፋቸው ለምርመራ ተከፍቷል። ባለቤቶቹ ነጠላቸውን አጣፍተው ከየጆንያው ጎን ቆመዋል። ማዶ አንድ ነጋዴ አይሱዙውን አቁሞ ጥርሱን ይፍቃል። ከመኪናው የተንጠለጠለውን ሚዛን የመንደሩ ሰው ዓመቱን ሙሉ ሁዳዴ ይጾማል ይለዋል፤ ምን ቢጭኑበት ከሲታ ነው።

ወይዘሮ የሺወርቅ ተቀበሉን። ይህን ቀን በማመን መንደሩ ሁለት ገበያ ሙሉ አንዲት ዛላ አልሸጠም። መንደሩን የያዘው የእሳቸው ቃል ነው። ዛሬ በርበሬው ከተመለሰ ያን ሁሉ ቤት ያስጾሙት እሳቸው ይሆናሉ ማለት ነው።

«ውኃውን እንዴት አስተዋችኋቸው?» አልኳቸው።

«እኛ ብንል ማን ይሰማናል? ቄስ ምናሉን ለመንን። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ግዝት አስነገርን፤ በርበሬ ላይ ውኃ የረጨ የተወገዘ ይሁን ተባለ። ከዚያ ወዲህ እንኳን በርበሬው፣ ሰዉም ሲጠጣ ዞር ብሎ ነው።»

በአዳራሹ ለስድስት ሰዓት የተነገረውን ግዝቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨርሶታል። አበልም አልተከፈለበትም።

ባለሙያው መሣሪያውን አወጣ። የመጀመሪያውን ጆንያ ለካና ራሱን ነቀነቀ። ሁለተኛውን ለካ። ሦስተኛውን ሲለካ ሹፌሩ የመኪናውን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ።

«እርጥብ ነው» አለ ባለሙያው።

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ግዝት የጣሰ አለ ማለት ነው። የወይዘሮ የሺወርቅ ፊት አመድ ለበሰ፤ አሳዘኑኝ። ያኔ ቄስ ምናሉ፣ ረጅም ሽማግሌ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ፣ ምናልባት ጠዋት ያደረስኩት ጸሎት ይሆን?» አሉ። «በርበሬው የመጀመሪያ መንገዱ ነው፣ ይባረክ ብለው ለመኑኝ። ጠበል ትንሽ ረጨት አደረግሁበት።»

ቄስ ምናሉ በጠበል ስስት አያውቁም። እሳቸው የረጩት ሰው ቤቱ ገብቶ ልብስ ይቀይራል። ውኃ የረጨ ይወገዝ ብሎ ያስገዘተ መንደር፣ ጠበልን ከውኃ ቆጥሮት አያውቅም።

«አባ፣ ቅጹ ላይ ጠበል የሚል ቦታ የለም» አለ ባለሙያው። «ለመሣሪያው ውኃ ውኃ ነው።»

«አላመነም ማለት ነው» አሉ ቄሱ፣ መሣሪያውን እያዩ።

ነጋዴው ከማዶ ተነሣ። «እኔ ጠበል የነካው አልጠላም፤ በረከት ነው» አለ። «በግማሽ ዋጋ አምጡት።»

አንድ ጎልማሳ ጆንያውን ወደ አይሱዙው መጎተት ጀመረ። ወይዘሮ የሺወርቅ ሄደው ጆንያው ላይ ተቀመጡበት። «አንዱ ከሄደ ሁሉም ይሄዳል» አሉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ጌታው፣ ትናንት የሸጥኩልዎ የት አለ?»

ሻንጣዬ ውስጥ ነው። አወጣሁት። ያን ያህል ዓይን ሲያየኝ ሃያዋ ብር ግንባሬ ላይ የተጻፈች መሰለኝ።

«ይኸ ከነዚሁ ጆንያዎች የተዘገነ ነው» አሉት ባለሙያውን። «ለእናንተ ላሳይ ነበር ይዤው የመጣሁ። የሚያይ ሳጣ፣ የሚገዛ መጣ። ይለኩት።»

ባለሙያው ለካ። እንደገና ለካ። «ደረቅ ነው» አለ፣ ትንሽ አፍሮ። «እንግዲህ እርጥበቱ የላይ ላይ ነው። እስከ አሥር ሰዓት እጠብቃለሁ።»

አሥር ሰዓት

ሰው ሳይሞት የእድር ድንኳን ሲወጣ ያየሁት ዛሬ ነው። ሸራው ሜዳው ላይ ተዘረጋ። ሰሌኑ መጣ፣ ጋቢም ተነጠፈ። አሁንም ሲያንስ ሹፌሩ የሥልጠናውን ባነር ከመኪናው አውርዶ ዘረጋው። በርበሬው በፊደሎቹ ላይ ፈሰሰ፤ «ፍትሐዊ»ም ተሸፈነ፣ «ንግድ»ም ተሸፈነ፣ «ለገበሬው» የሚለው ብቻ ጫፍ ላይ ቀረ። ባነር ለገበሬ ሲጠቅም ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

ሴቶቹ ተሰልፈው ያገላብጣሉ። ጆንያ ሲጎትት የነበረው ጎልማሳ እንኳ የጎረቤቱን ያገላብጣል። እኔም ተንበርክኬ ሳገላብጥ ዓይኔን በእጄ ነካሁትና ለግማሽ ሰዓት አለቀስኩ። ማንም አላዘነልኝም።

በተባለው ሰዓት ባለሙያው ለካ። አለፈ። ሁለተኛውም አለፈ፣ ሦስተኛውም። እምቢ ያለው አንድ ጆንያ ብቻ ነው፤ የቄስ ምናሉ የራሳቸው። ለራሳቸው ሲሆን ጠበሉን አብዝተው ኖሯል። ሰዉ አንገቱን ደፍቶ ሳቀ፤ እሳቸውም ሳቁ። ማኅበሩ የእሳቸውን በሚቀጥለው ጭነት ሊልክ ተስማማ፤ ከመንደሩ ጭማሪ ደግሞ የሲሚንቶ ማድረቂያ ሊሠራ ተመከረ። ነጋዴው ሚዛኑን እንደጾመ ጭኖ ሄደ።

ልንሄድ ስንል ወይዘሮ የሺወርቅ የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱና ትናንት የሰጠኋቸውን ብር እጄ ላይ አኖሩት።

«ለብቻ አትሽጡ ብዬ ሰው አስሬ፣ እኔው ለብቻዬ ሸጥኩ» አሉ። «ተርቤ ነበር፤ ምሳው ለእኛ አልደረሰም። ሐቁ ግን የማኅበሩ ነው።» በርበሬዬን ወስደው ጆንያ ውስጥ ገለበጡት። «ከፈለጉ አሁን ይግዙ፤ እንደ ሁሉም፣ በማኅበሩ ዋጋ።»

ልቤ ተነካ፤ እውነቴን ነው። እጄን ኪሴ ከተትኩ። ዋጋውን ነገሩኝ። አፌ ግን ከልቤ በፊት አዲስ አበባ ደርሶ ኖሯል።

«ትንሽ አይቀንሱልኝም?»

ባለሙያው ወደ መኪናው አየ። ቄስ ምናሉ ከአጥሩ ሥር የጠበል ማሰሯቸውን አነሡና ወዘወዙት፤ የተረፈው ተንቦጫቦጨ።

«ልጄ፣ ለአንተም ይበቃል» አሉኝ። «ቀረብ በል።»

በተጠራው ዋጋ ከፈልኩ። ከዚያ ኮፍያዬን አውልቄ ቀረብ አልኩ።