ሁለት ጊዜ የሰረዝኳት ልጅ

ለችግረኛ ቤተሰብ እህል የሚሰጠው ሴፍቲኔት ለማን እንደሚደርስ ለማጥናት ሰቆጣ ዙሪያ ሄደን ነበር። ሰዉ ወደ እርከን ሥራ ሳይወጣ እንድረስበት ብለን እኔ፣ የቀበሌው ሊቀመንበርና አንድ ሽማግሌ ጎህ ሲቀድ ከአንዲት ባልቴት ደጅ ቆምን። በዚያ ሰዓት ሽማግሌ አስከትሎ ደጅ የሚቆም ሰው መርዶ ሊያረዳ የመጣ ነው። እዚያው አገር ተወልጄ ይህ እንዴት እንደጠፋኝ እንጃ።

ሴትዮዋ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ይመልሱልኝ ጀመር። የቤተሰቡን አባላት ስጠይቃቸው ከራሳቸው ቀጥለው የሴት ልጃቸውን ስም ጠሩ። ጻፍኳት። ሳዑዲ ከሄደች ሦስት ዓመቷ ነው፤ ድምጿም ጠፍቷል። መመሪያችን ከስድስት ወር በላይ ከቤት የራቀ አይቆጠርም ይላል። ያወጣው ሰው ልጅ ይኑረው አይኑረው አላውቅም። ስሟን በእስክሪብቶ ሰረዝኩት።

ማንበብ ባይችሉም ስረዛውን አዩ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው እሪ አሉ። ጎረቤቱም እያለቀሰ መጣ።

እግራቸው ላይ ወድቄ፣ «እማማ፣ ስለ እሷ የሰማሁት ነገር የለም። የወረቀቱ ሕግ ነው» አልኳቸው።

ዓይን ዓይኔን እያዩ፣ «እንግዲያው መልሰሽ ጻፊያት» አሉ።

ከስረዛው በላይ መልሼ ጻፍኳት። ሽማግሌውም ለቀስተኛውን ወደየቤቱ መለሱት።

ሰቆጣ ቢሮ ገብቼ ቅጹን ወደ ኮምፒውተር ሳስገባ እንደገና ሰረዝኳት። ያን ጊዜ ማንም አልጮኸም።