ብብት ሳይ የዋልኩበት ቅዳሜ

እኔን ብሎ የስፖርት ልብስ አጣቢ! ሰው መንገድ ላይ ሲሮጥ ባየሁ ቁጥር "ምነው፣ ማን አባረረው?" የምል አሮጊት፣ በማያገባኝ ገብቼ ጉድ ላፈላ ነበር። ነገሩ የሆነው ካቻምና፣ ጥምቀት ባለፈ ሰሞን ነው። እስከ ዛሬ ቢጫ ብብት ባየሁ ቁጥር ትዝ እያለኝ ብቻዬን እስቃለሁ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ እኔ ሳወራ የምትጽፈው የልጅ ልጄ ሰብለ ናት። ነገሩ የራሷ ስለሆነ ልትዘልብኝ ይዳዳታል። "አንዲት ነገር ብትዘይ ወዮልሽ" ብያታለሁ።

የሰብለ እናት ማክሰኝት እህል ትነግዳለች። ልጅቱ ግን ለትምህርቷ ብላ ጎንደር እኔ ዘንድ ነው የምትኖረው። መጀመሪያ ስትመጣ ከሰው የማትገባ፣ አፏን ይዛ የምትውል ነበረች። በኋላ ቴኳንዶ የሚሉትን ነገር ጀመረች። በቅሎ ሳትማር የምትችለውን እርግጫ፣ የኔይቱ ከፍላ ትማረዋለች! ግን እዚያ ጓደኛ አገኘች፤ ሳቋ መጣ። እኔም አፌን ዘጋሁ።

ልብሷ ከላይ እስከ ታች ነጭ ነው። ያላት እሱው ብቻ ነው፤ እናቷ ናት ያሰፋችላት።

አርብ ማታ ግቢ ውስጥ ስትለማመድ አየኋት። እግሯ ይወረወራል፣ ክንዷ ግን ከጎኗ ተጣብቋል።

"ምነው፣ ክንድሽን አሰሩሽ?" አልኳት።

ብወተውታት ቀስ ብላ ክንዷን አነሳች። ብብቷ ሥር ልብሱ እርድ የተደፋበት መስሏል።

"ማስተሩ ባለፈው ከሰልፍ አስወጣኝ፣ እምዬ። ልብስሽ ካልነጣ እሑድ አትፈተኚም ብሎኛል።"

"ብትፈተኚ ምን ታገኛለሽ?"

"ቢጫ ቀበቶ።"

"ታዲያ ብብትሽ ቀድሞሽ አልፎ የለም እንዴ!"

እኔ ስስቅ የሷ እንባ ዱብ ዱብ አለ። "ደግሞ በሰው ፊት ካስወጣኝ ሁለተኛ እዚያ አልሄድም" አለችኝ። ያን ጊዜ ሳቄን ተውኩ። ልጅቱ እንደ ድሮዋ ጥጓን ይዛ ልትቀመጥ ነው ማለት ነው።

"ለኔ ተይው" አልኳት። "ለጥምቀት የሰፈሩን ነጠላ ማን መሰለሽ ያነጣው?"

ቅዳሜ ጠዋት እሷ ለጥናት ስትወጣ ውሃ አፈላሁ። ልብሱን ሳፋ ውስጥ ዘፈዘፍኩና በረኪናውን ያለ ስስት ደፋሁበት። ነጠላ የምናነጣው እንዲያ ነዋ! ጥቂትም ተረጨብኝ፤ ማን ከቁብ ቆጥሮት።

አውጥቼ ባየው ሌላው ነጥቷል፤ ብብቱ ግን የእንቁላል አስኳል ሆኗል። በረኪና አንሶት ነው ብዬ ጨመርኩበት። ጭራሽ ባሰ! እንዳላማክር፣ ጎረቤቴ ዘነቡ በማለዳ ለቅሶ ሄዳለች።

ልብሱን ጨምቄ በፌስታል ከተትኩና ወጣሁ። ላውንደሪ ቤቱ "ለሰኞ ይደርሳል" አለኝ። ሰኞ ምን ይሠራልኛል? በሜዳው በኩል አንገቴን ደፍቼ ስመለስ የጤና ቡድን የሚሏቸው ጎልማሶች ኳስ ይጫወታሉ። ከኳሱ በፊት ቦርጫቸው ነው የሚደርሰው። ሁሉም ነጭ ማልያ ለብሰው በላብ ተጠምቀዋል።

አንድ ሐሳብ መጣልኝ። እነዚህ ከኔ ልጅ ይብስ ያልባቸዋል። ከነሱ መሀል ብብቱ ቢጫ ያልሆነ ካለ፣ የሱን ልብስ የሚያጥበው ሰው መድኃኒቱን ያውቃል። ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና ብብት መመልከት ጀመርኩ።

ግን ሰው ሲሮጥ ብብቱ መች ይታያል? ለካ ጎል ሲገባ ሁሉም እጁን ያነሳል! ከዚያ ወዲያ ሥራዬ ጸሎት ሆነ። ማን በማን ላይ እንደሚያገባ ግድ የለኝም፤ ብቻ ይግባ። አንዱ ሲያገባ እነዚያን አየሁ፤ ሁሉም ቢጫ። ሌላው ሲያገባ እነዚህን አየሁ። ከመሀላቸው አንድ ጺማም ረጅም ሰው ብብቱ ወተት ነው!

እረፍት ሲወጡ ቀጥ ብዬ ሄድኩ።

"ልጄ፣ እስቲ እጅህን አንሳ።"

ሰውዬው ደንግጦ ሁለቱንም እጁን ወደ ሰማይ ሰቀለ። ጓደኞቹ ሆዳቸውን ያዙ። "ሰይድ፣ የእናትየውን ምን ሰርቀህ ነው?" ይሉታል።

"አንዱ ይበቃኛል" ብዬ ጠጋ ብዬ አየሁ። ምንም የለበት። "ሸጋ ነው! ማነው የሚያጥብልህ?"

ፊቱ ቀላ። ክንዴን ይዞ ገለል አደረገኝና "እናቴ፣ ራሴው ነኝ የማጥበው። እነዚህ ከሰሙ መጫወቻ ያደርጉኛል" አለኝ በሹክሹክታ።

ፌስታሉን ከፍቼ ጉዴን አሳየሁት። ገና ሲሸተው "በረኪና!" አለ፣ የሰይጣን ስም እንደሚጠራ ሁሉ። ከአያቱ ጀምሮ ጨርቅ ነጋዴዎች ናቸው፤ ስለ ጨርቅ የማያውቀው የለም። "ላብ የቆየበትን ልብስ በረኪና ይባስ ቢጫ ያደርገዋል። የፈላ ውሃም ቢጫውን ያስረዋል" አለኝ።

"አሁንማ ሞቻለሁ፤ ነገ ፈተና አለባት" አልኩት። የልጅቱን ነገር አንድ በአንድ ነገርኩት። ሰይድ ኳሱን ትቶ እዚያው አቅራቢያ ካለው ቤቱ ሄደና ግማሽ ጠርሙስ አቼቶና ኬክ የሚጋግሩበትን ነጭ ሶዳ በወረቀት ጠቅልሎ ይዞልኝ መጣ።

"ሰላጣ ልትሠራልኝ ነው?" አልኩት።

ሳቀ። "መጀመሪያ በረኪናው ጨርሶ እስኪወጣ በብዙ ውሃ ያለቅልቁት። ይሄን አደራ! አቼቶና በረኪና ከተገናኙ የሚያፍን መርዝ ነው የሚወጣው። ከዚያ አቼቶውን በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠው ይዘፍዝፉት። ቆይተው ሶዳውን በውሃ ለውሰው ብብቱን ቀስ አድርገው ይሹት። ኢንሻአላህ ይለቃል። እምቢ ካለም ይምጡ፤ ሱቅ ነጭ ጨርቅ አለኝ፣ ብብቱን ቀድደን እንለውጠዋለን።"

አይቶኝ ለማያውቅ ሰው! ጓደኞቹ "ሰይድ፣ ና እንጂ!" እያሉ ይጮሁበታል። "ስምህም ብብትህም አይጉደፍ" ብዬ መረቅሁትና ወደ ቤቴ ገሰገስኩ።

በርሜል ውስጥ ያጠራቀምኩትን ውሃ ሳልሳሳ አለቀለቅሁት። እንዳለኝም አደረግሁ። ሽርጤን አገልድሜ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ብብቱን ስሸው ሰብለ መጣች። ጠጋ አለችና "እምዬ፣ ልብሴ ሰላጣ ሰላጣ ይላል" አለች። አስኳል እንደነበር አልነገርኳትም። አሁን ስትጽፈው ነው የሰማችው፤ ይኸው ዓይኗን አፍጣብኛለች። ጻፊ ዝም ብለሽ!

ፀሐይ ላይ ሰጥቼው ከሥሩ አልተነሳሁም። ሲደርቅ የቀኙ ንጹሕ ወጣ። የግራው ግን ጠጋ ብለው ካዩት ትንሽ ጥላ ነገር ቀርታበታለች። እንቅልፍ የነሳችኝ ያች ጥላ ናት።

እሑድ አብሬያት ሄድኩ። ልጆቹ በነጭ በነጭ ተሰልፈዋል። ማስተሩ ፊቱ አይፈታ፣ "እጅ ወደ ላይ!" አለና በሰልፉ መሀል ይሄድ ጀመር። አንዱን ልጅ ጥፍሩን አይቶ ቆጣው። ሰብለ ጋ ሲደርስ ቆመ። ቀኟን አየ፣ ግራዋን አየ። አጠገቤ ያለችው ሴትዮ "እናቴ፣ እርስዎ ደግሞ ምነው?" ስትለኝ ነው የባነንኩት፤ ለካ እኔም እጄን ሰቅያለሁ!

ማስተሩ በይሁንታ ራሱን ነቀነቀና ወደሚቀጥለው አለፈ።

እፎይ! ይዤው የነበረው ትንፋሽ ሲወጣ የፊት ለፊቴ ሰው ዞሮ አየኝ። ከዚያ በኋላማ ሰብለን ማን ይያዛት? ክንዷን ከጎኗ ፈትታ ወደ ላይ ትመክታለች፣ ወደ ፊት ትሰነዝራለች። ቀበቶውን ሲያስሩላት ሮጣ መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ገና ሰላጣ ሰላጣ ትላለች።

አሁን ልብሱ ላብ እንደያዘ ቦርሳ ውስጥ አያድርም። እንደገባች ገልብጣ በቀዝቃዛ ውሃ ታለቀልቀዋለች። ለላብ ጠረን ብላ ብብቷን የምትቀባው ሽቶም ሳይደርቅ ልብሱን አትለብስም፤ እሱም ጨርቁን ቢጫ ያደርገዋል። በረኪናው ለነጠላዬ ቀርቷል። ሰይድ ደግሞ ፒያሳ ላይ ካየኝ "እንደምን ዋሉ" ከማለቱ በፊት ከሩቅ ክንዱን ብድግ አድርጎ ብብቱን ያሳየኛል። ሰው ግራ ይገባዋል፤ እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ እውላለሁ።

ሰኞ ዕለት ይሄን ሁሉ ለዘነቡ እየተኩራራሁ አወራሁላት። ዘነቡ ነገር አታለዝብም። እስክጨርስ ጠበቀችና፣ ግድግዳው ላይ የሰቀልኩትን ሰማያዊ ቀሚሴን በአገጯ አሳየችኝ።

"ቅዳሜ ከለቅሶ ስመለስ መንገድ ላይ አይቼሻለሁ" አለች። "ቀሚስሽን ፊቱን በረኪና በልቶት ነብር መስለሽ ነበር። አንቺ የሰው ብብት ስታዪ፣ ሰው ያንቺን ቀሚስ ሲያይ ነው የዋለው።"