ነጋ እና የሐጂ አብዱላሂ አሮጌ ሎጂንግ

ነጋ በ1983 ዓ.ም. ድንበሩን ተሻግሮ ኬንያ ሞያሌ ሲገባ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። ጦሩ ተበትኖ፣ የወታደር ሸሚዙን መንገድ ላይ በአሮጌ ሹራብ ለውጦ ነው የመጣው። ዳገቱ ላይ ያለውን የሐጂ አብዱላሂን ሎጂንግ፣ የመንገደኛ ማደሪያውን፣ አንኳክቶ ሥራ ጠየቀ።

ሐጂ ከላይ እስከ ታች አዩትና "ድንጋይ መጥረብ ታውቃለህ?" አሉት።

"አውቃለሁ" አለ። አያውቅም ነበር።

በሳምንቱ ጣቶቹ ቆሳስለው ውሸቱ ታወቀበት። ሐጂ ግን አላባረሩትም፤ ግንበኛውን ጠርተው "አስተምረው" አሉ። የጓሮዎቹ ስድስት ክፍሎች የእነዚያ የሁለቱ ሰዎች ሥራ ናቸው።

ያኔ ዳገቱ ላይ ሦስት ሎጂንጎች ነበሩ። የናይሮቢው መንገድ ኮረኮንች ስለነበር ዝናብ ሲጥል የጭነት መኪና ለቀናት ይቆማል፤ አልጋ ያጣ ሾፌርና የከብት ነጋዴ ግቢው ውስጥ ምንጣፍ ዘርግቶ ይተኛል። ነጋ አንሶላ ያጥባል፣ ውሃ በአህያ ያስመጣል፣ በሽተኛ ይዘው ወደ ሶሎሎ ሆስፒታል ለሚሄዱ እንግዶች መኪና ይፈልጋል። አስፋልቱ ሲመጣ ግን መንገደኛው ሳያድር ያልፍ ጀመር። ሌሎቹ ሁለት ሎጂንጎች ፈርሰው ፎቅ ተሠራባቸው። ሐጂም አረፉ።

ባለፈው ዓመት ልጃቸው ሱመያ ከናይሮቢ መጣች። ነጋ በልጅነቷ እጇን ይዞ ትምህርት ቤት ያደርሳት ነበር።

"ጋሽ ነጋ፣ እርስዎን ማስቀየም አልፈልግም" አለችው። "ግን ላስፈርሰው ነው። ቦታውን ለሱቅ የሚፈልጉ አሉ። ክፍሎቹ ባዶ ናቸው፣ ጣሪያውም ያፈሳል።"

"ጣሪያውን እሠራዋለሁ። ክፍሎቹንም እሞላቸዋለሁ። እስከ ረመዳን ታገሺኝ።"

"ባይሞሉስ?"

"ያኔ እኔው ራሴ አፈርስልሻለሁ።"

በማግስቱ ጣሪያ ላይ ወጣ። በሦስተኛው ቀን አዳልጦት ወደቀና ግራ እጁ ተሰበረ። ሐኪሙ ስድስት ሳምንት እንዲያርፍ ነገረው፤ እሱ ግን ጄሶ እንደታሰረ በአራተኛው ቀን ተመልሶ ወጣ። ከኢትዮጵያ በኩል ልብስ እያመጣች የምትሸጠው ካልቶማ በዚያ ስታልፍ፣ ምስማሩን ከጄሶው በወጡት ጣቶቹ ይዞ ሲመታ አየችው።

"አንተ ሰውዬ፣ መሞት ፈልገህ ነው?"

ነጋ ወረደና በምላሹ ጠየቃት። "እናንተ ነጋዴ ሴቶች ድንበሩ ተዘግቶባችሁ ስትቀሩ የት ነው የምታድሩት?"

"ፎቆቹ ላይ ያሉት አልጋ ቤቶች ጋ። ዕቃችንን ግን አያስገቡልንም። ጆንያው ደጅ ያድራል፣ እኛም ስንጠብቅ እናነጋለን።"

የግቢውን ሰፊ በር አሳያት። "በዚህ ድሮ የጭነት መኪና ከነጭነቱ ይገባ ነበር።"

ካልቶማ ገብታ ክፍሎቹን አንድ በአንድ አየች። "ለሴቶች የብቻችን መጸዳጃ ይኑረን። በሮቹም ከውስጥ የሚቆለፉ ይሁኑ። ከዚያ እንመጣለን።"

ነጋ መጸዳጃውን በአንድ እጁ ገነባ፤ ለእያንዳንዱ በር መቀርቀሪያ ገጠመ። መጀመሪያ አራት ሆነው መጡ። በወሩ አሥራ አንድ ሆኑ፤ ቀስ በቀስም ክፍሎቹ ሞሉ።

ረመዳን ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ሱመያ ስትመለስ ባዶ ክፍል አጣች፤ ከካልቶማ ጋር አንድ ክፍል ተጋሩ። የተባባሉትን ነጋ አልሰማም። ጠዋት ሱመያ መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች።

"በመንገዱ በኩል ያሉት ስድስት ክፍሎች ፈርሰው ቦታው ለሱቅ እንዲሆን ለሰዎቹ ቃል ገብቻለሁ፤ ማጠፍ አልችልም። የጓሮዎቹና ግቢው ግን አይነኩም። የእነዚህ የኪራይ ውል በእርስዎ ስም ይሆናል።"

ነጋ ደስ አለው፤ ከፋውም። የሐጂ መኝታ በመንገዱ በኩል ነበር። "ሲያፈርሱት ድንጋዩን ግን እንዳይጥሉት" አላት።

የፊቱ ሲፈርስ ድንጋዩን ሁሉ ወደ ጓሮ አስገባ። አሁን በአጥሩ ጥግ ሁለት አዲስ ክፍሎች እያቆመ ነው። ግራ እጁ አሁንም በደንብ አይጨበጥለትም። በቀደም ሱመያ ደውላ "ለማን ነው የሚሠሩት?" ብትለው፣ "የዳበል መንደር ነጋዴ ሴቶችም እንመጣለን ብለዋል፤ የት ላስተኛቸው?" አላትና ስልኩን ዘግቶ ወደ ሥራው ተመለሰ።