የዓይን ቆብ የሚገልጡት አጎቴ

ጋሼ የምንላቸው አጎቴ በመካነ ሰላም ከተማ ጤና ጣቢያ ድሬሰር፣ ማለትም የጤና ረዳት፣ ነበሩ። እጅ ከመጨበጣቸው በፊት በአውራ ጣታቸው የታችኛውን የዓይናችንን ቆብ ዝቅ አድርገው የውስጡን ቀለም ያዩ ነበር።

በሰባ ሰባቱ ድርቅ አጥንቴ እስኪቆጠር ከሳሁ። የእርዳታ ስንዴ መጥቶ ሥጋዬ ቢመለስም ውሃ ተሸክሜ ዳገቱን መውጣት አቃተኝ።

እናቴ «ጠግበሽም ስንፍና?» ብላ ስትቆጣ፣ ጋሼ የዓይኔን ቆብ ገልጠው «ተያት፤ ውስጡ ነጥቷል፤ ደም አንሷት ነው» አሏት።

የብረት ኪኒን ሰጡኝ። ሰገራዬ ሲጠቁር ደንግጬ ኪኒኑን ልጥለው ስል፣ «ጥቁረቱ የኪኒኑ ነው፤ እስከ መጨረሻው ትውጪዋለሽ!» አሉኝ። ዋጥኩት። ከወራት በኋላ ዳገቱን በሩጫ ወጣሁት።

ጋሼ ካረፉ ወዲህ ምግብ አልበላ ብሎኝ ከስቻለሁ፤ ደረጃም ያደክመኛል። ዛሬ ጠዋት ቆቤን የሚገልጥልኝ ስለሌለ መስታወት ፊት ቆሜ ራሴ ገለጥኩት። ነጥቷል።

ጋሼ፣ ወደ ጤና ጣቢያ እየሄድኩ ነው። እስከ መጨረሻው እውጠዋለሁ።